ሌሊት የማይዘንብባት አሰላ

በ1977 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ አሰላ በድርቅ ተመታች። ይህን የምናውቀው እኛ የግብርና መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች ብቻ ነበርን። ከተማው አልሰማም። ከተማው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ፣ ጭቃውን እየረገመ ገበያ ይሄድ ነበር። ጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ከተቀመጠ ሰንብቷል፤ መኖሩን የምናምነው በልማድ ነው። በቢሯችን ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ግራፍ ግን ደርቃችኋል ይላል። ግራፍ ደግሞ ማኅተም አለው፤ መስኮት የለውም።

ግራፉን የሠራችው አልጣሽ ናት። አልጣሽ ቡልጋሪያ፣ ሶፍያ ተምራ የመጣች የዝናብ ባለሙያ ስትሆን፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍልና አንድ የምታፈስ ጣሪያ እንጋራለን። አለቃችን ጓድ አበጋዝ በበጋው ጠርተው፣ «የኢትዮጵያና የቡልጋሪያ የረጅም ዘመን ድርቅና እርጥበት ንጽጽር» የሚል ጥናት እንድታዘጋጅ አዘዟት። አዲስ አበባ ላይ የወንድማማች አገሮች ዐውደ ጥናት ይደረጋል፤ አርሲ ባዶ እጇን አትሄድም።

«ጓድ፣ የኛንና የነሱን ዝናብ ማወዳደር ለምን ይጠቅማል?» ብላ ጠየቀች፣ ገና አዲስ ስለሆነች።

«ወንድማማችነቱን ያጠናክራል፤» አሉ ጓድ አበጋዝ።

ሥራው ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቦታ የሚለካው ከራሱ ጋር ነው፤ ቡልጋሪያ ከቡልጋሪያ፣ አሰላ ከአሰላ። የቦታው የብዙ ዓመት ልማድ ዜሮ ተብሎ መሐል ላይ ይሰመራል። ከልማዱ በላይ የዘነበበት ዓመት ከመስመሩ በላይ ይወጣል፤ ያነሰበት ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን አገር ጎን ለጎን ሰቅሎ፣ ማን መቼ እንደ ደረቀ፣ ማን መቼ እንደ ረጠበ ማየት ነው።

የቡልጋሪያው መስመር ትንሽ ወጣ ትንሽ ወረድ እያለ፣ የተኛ ሰው እንደሚተነፍስ ሆኖ ይሄዳል። ከኛ በኩል የተወሰዱት ሁለት ቦታዎች ናቸው፤ ደጋው አሰላና ቆላው ዴራ። ዴራ ወጣ ገባ ሲል ቆይቶ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከመስመሩ በታች ገብቷል። አሰላ ግን ጉድ ነው። እስከ ስድሳ ስምንት ድረስ በሰላም መጥቶ፣ ስድሳ ዘጠኝ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ገደል ይገባል። ገብቶም አልወጣም። እስከ ዘንድሮ እዚያው ታች ተኝቷል።

ጓድ አበጋዝ ግራፉን ያዩ ዕለት መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የቢሮውን በር መዝጋት ነበር።

«አብዮቱ ወደ ፊት እየገሰገሰ ዝናቡ እንዴት ወደ ኋላ ይላል?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«እኔ አይደለሁም ጓድ። ቁጥሩ ነው።»

«ቁጥሩስ የማን ነው?»

ጓድ አበጋዝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚፈሩ ሰው ናቸው፤ ቤተሰብ አላቸው። ብዙ ካሰቡ በኋላ ከግራፉ ግርጌ «በኢምፔሪያሊዝም ሴራ የተዛባ የተፈጥሮ ሚዛን» የሚል አስጻፉና ወደ አዲስ አበባ ላኩት።

ነገሩ እዚያ ላይ ቢቀር ኖሮ እኔና አልጣሽ ሻይ ስንጠጣ የምንስቅበት ወሬ ሆኖ ያልቅ ነበር። አልቀረም። ከላይ ትእዛዝ መጣ፤ ለክፍለ ሀገሩ የተመደበው የአስቸኳይ ጊዜ ዘር፣ መስመሩ እጅግ ዝቅ ላለበት አካባቢ ይሰጥ ይላል። መስመሩ እጅግ ዝቅ ያለበት አሰላ ነው። የጤፍና የገብስ ዘር የጫነ ኤንትሬ መኪናም መጥቶ ግቢያችን ቆመ። ጭነቱ እንዳይበሰብስ በሸራ ላይ ሸራ ተደረበበት።

አቶ ጉቱ የመጡት ያን ሰሞን ነው። አቶ ጉቱ ከዴራ ማዶ ያለ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው። ቢሮ ሲገቡ ግራ እግራቸው ላይ ጫማ አለ፤ ቀኙ ላይ የለም።

«ጫማዎን ምን አገኘው ጋሽ ጉቱ?» አለች አልጣሽ ብድግ ብላ።

«ጭቃው ዋጠው። እበሩ ላይ። ስመለስ እፈልገዋለሁ።» ከዚያ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ውሃው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ወደ ጓድ አበጋዝ ዞሩ። «ጌታዬ፣ ዘር መጥቷል ሲሉ ሰምተን ነው። እኛ ያለንን ዘር በላነው። መብላት አሳፍሮን ነበር፤ ልጅ ሲያለቅስ ግን ኀፍረት ይጠፋል። ሰኔ ሮባ ከመጣ፣ ዝናቡ ማለቴ ነው፣ የምንዘራው የለንም። ሰኔ ካለፈን ሰዉ ይበተናል። ግማሹ ወንጂ አገዳ ሊቆርጥ ይሄዳል፤ ግማሹ የት እንደሚሄድ እንጃ።»

ጓድ አበጋዝ አዘኑ። እውነቴን ነው፣ ፊታቸው ላይ ታየ። ግን ተነሥተው ግራፉ ዘንድ ሄዱና ጣታቸውን አሳረፉ።

«አየህ ጓድ ጉቱ፣ ይህ እናንተ ናችሁ። ትንሽ ነው የወረዳችሁት። ይህ ደግሞ አሰላ ነው። ከሁሉ የደረቀው አሰላ ነው።»

በዚያች ቅጽበት ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለ ደበደበው የመጨረሻውን ቃል ደግመው ጮክ ብለው መናገር ነበረባቸው።

አቶ ጉቱ ግራፉን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ባዶ እግራቸውን አዩ።

«አሰላ ነው የደረቀው?»

«አዎ።»

«እግዜር ያዝንብለት እንግዲህ፤» አሉ ቀስ ብለው። ሲወጡ አልጣሽ አጠገብ ቆም አሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይህን መስመር አንቺ ነሽ የሠራሽው ይላሉ። እስኪ አንድ ጊዜ ደግመሽ እዪልኝ።»

ደግማ አየችው። ሻይ እንኳ አልጠጣችም። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የቡልጋሪያውን ሰንጠረዥ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የአሰላውን አጠገቡ፣ የዴራውን ደግሞ ወንበሬ ላይ አድርጋ፣ እኔን አስነሥታ ስትገላብጥ ዋለች። የሁሉም ጣቢያ ዝናብ በቀን ሁለቴ ይለካል፤ ጠዋት ሲለካ የሌሊቱ፣ ማታ ሲለካ የቀኑ ይታወቃል። ሲደመር ግን ስለሚዋሐድ ማንም ለያይቶ አያየውም።

«ና እስኪ፤» አለችኝ። «ቡልጋሪያ ሌሊትም ቀንም ይዘንባል። ዴራም ሌሊትም ቀንም ይዘንባል፤ ሲዘንብ።»

«እሺ?»

«አሰላ ሌሊት አይዘንብም።»

«ትናንትና ሌሊት አልጋዬን ሦስት ቦታ ያዞርኩት ታዲያ በምን ምክንያት ነው?»

«ከስድሳ ዘጠኝ ወዲህ፤» አለች ሳትስቅ፣ «አንድም ሌሊት አልዘነበም። ጠዋት ጠዋት ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ከዚያ በፊት ግን የሌሊቱ ዝናብ ከቀኑ ይበልጥ ነበር።»

ተያየን። ኮቴን ለበስኩ።

የአሰላ ዝናብ መለኪያ ያለው በከተማው ላይኛው ዳር፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት ባለች ሜዳ ላይ ነው። ትልቅ ነገር አይደለም፤ አፉ ሰፋ ያለ የቆርቆሮ ሲሊንደር በእንጨት ምሰሶ ላይ ይቀመጣል፤ ዝናብ ይገባበታል፤ የገባው ይለካል። ጠባቂው አቶ ወልደአማኑኤል ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ ሲለኩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ከሜዳው ጋር አጥር ለአጥር ነው።

ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሆኗል፤ ዝናቡ ጋብ ብሎ ሰማዩ እንደገና ያረገዘበት ሰዓት። አቶ ወልደአማኑኤል ሜዳው ላይ ነበሩ። ያለውን ውሃ ለክተው ጻፉ። ከዚያ ሲሊንደሩን በሁለት እጃቸው ከምሰሶው ላይ አነሡት፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ደረታቸው ላይ ታቅፈውት ወደ ቤት መጡ። እኛን ሲያዩ ደነገጡ።

«ደኅና አመሻችሁ ልጆቼ! ግቡ፣ ግቡ። ሊመጣ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰፋች ከጓዳ ሆነው፣ «ልጁ ገባ?» ብለው ተጣሩ።

«ገብቷል!» አሉ አቶ ወልደአማኑኤል፤ ጎንበስ ብለውም ሲሊንደሩን አልጋው ሥር አስገቡት። ቦታ አለው፤ ከሥሩ ጆንያ ተነጥፎለታል።

ውጭ የመጀመሪያው ወፍራም ጠብታ ቆርቆሮውን መታ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ ቀጥሎ መቁጠር የማይቻል ሆነ።

«ጋሽ ወልደአማኑኤል፣ ለምንድን ነው የሚያስገቡት?»

«ሰዓት እላፊ ነዋ!»

«የማን ሰዓት እላፊ?»

«የሁሉም ነዋ፣ ልጄ። በስድሳ ዘጠኝ አንዱን የመንግሥት ቆርቆሮ ኩራዝ ሠሪ ወስዶት ሌሊቱን ኩራዝ ሲያደርገው አደረ። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰብስቦን፣ ሰዓት እላፊ ከገባ በኋላ ውጭ የተገኘ የመንግሥት ንብረት ቢኖር ጠባቂው በአሻጥር ይጠየቃል አለ። ያኔ በአሻጥር የተጠየቀ ሰው አይመለስም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ምሽት ውጭ አሳድሬው አላውቅም።» ይህን ሲሉ ቀና አሉ፤ ኩራታቸው ያስታውቃል።

«ሰዓት እላፊው እኮ ሲሻሻል ቆይቷል።»

«ለሰው ነው የተሻሻለው። ስለ ንብረት የነገረኝ የለም።»

«ሌሊት ሲዘንብስ?»

«ይዘንባል እንጂ። እሱን ማን ከልክሎት።»

«ጠዋት ታዲያ ምን ይጽፋሉ?»

«ያገኘሁትን። ስከፍተው ባዶ ነው፤ ባዶ እላለሁ። እኔ በመንግሥት ወረቀት ላይ ውሸት ጽፌ አላውቅም።»

ወይዘሮ አሰፋች የተጠበሰ ገብስ በሰፌድ ይዘው ብቅ አሉና ፊታችንን አዩ። ሴት ወይዘሮ ናቸው፤ ወዲያው ገባቸው።

«ምነው? ምን አጠፋ?»

ዝናቡ ብቻ ይጮኻል። አቶ ወልደአማኑኤል መጀመሪያ አልጋውን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ አልጣሽን አዩ። ፊታቸው ላይ ያለው ኩራት ከላይ ወደ ታች ቀስ ብሎ ወረደ።

«ወይኔ፤» አሉ። «ይህን ሁሉ ዓመት?»

«እኔ ነግሬው ነበር!» አሉ ወይዘሮ አሰፋች ሰፌዱን አስቀምጠው። «ሰውዬ፣ እኛ ከነልብሳችን እየበሰበስን እሱ ምን ቤት ነው የሚደርቀው ብዬው ነበር! አሁን ያስሩብኝ ይሆን?»

«አይታሰሩም፤» አለች አልጣሽ። በምን ተማምና እንዳለችው አላውቅም። ስንመለስ ግን ዝናቡ ላይ ቆማ፣ «እሳቸውን ካልሰጠሁ ዘሩ አሰላ ይቀራል፤ ከሰጠሁ ደግሞ ሽማግሌውን ይወስዷቸዋል፤» አለችኝ። ኮቴን አውልቄ ራሷ ላይ ዘረጋሁላት። ጃንጥላ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ጠዋት ጓድ አበጋዝ ነገሩን ሰምተው ሳይጨርሱ ጠረጴዛውን መቱ።

«አሻጥር! ይህ ግልጽ አሻጥር ነው! የሰውየውን ስም ስጪኝ።»

«እሰጥዎታለሁ ጓድ፤» አለች አልጣሽ ረጋ ብላ። «ክሱ ላይ ግን ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ምን ማለት ነው?»

«ሰውየው ያደረጉት ሰዓት እላፊ ማክበር ነው። መመሪያ ተሰጣቸው፤ አከበሩ። የሰዓት እላፊን መመሪያ በማክበሩ የተከሰሰ ተብሎ ይጻፍ?»

ጓድ አበጋዝ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ቀረ። ዓረፍተ ነገሩን በልባቸው አነበቡት፤ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ሲተላለፍ፣ በመጨረሻም ማን ነው የጻፈው ሲባል ታያቸው። ተቀመጡ።

«ይህን ነገር ወረቀት ላይ እንዳታሰፍሪው።»

«እንግዲያው ግራፉ ምን ይሁን? አዲስ አበባ ሄዷል።»

«የሄደ ይመለሳል እንዴ?»

«ሁለተኛ፣ የተሻሻለ ዝግጅት መላክ ይቻላል።» ወረቀት አወጣች። ሳትተኛ እንዳደረች ዓይኗ ይናገራል። «የሌሊቱን ከሁሉም ላይ አነሣሁት፤ ከቡልጋሪያም፣ ከዴራም፣ ከአሰላም፣ ከጃንሆይ ጊዜውም። ቀንን ከቀን ጋር ብቻ ነው ያወዳደርኩት። ለማንም አላዳላሁም።»

«ከቡልጋሪያም ላይ?»

«እኩልነት ነው ጓድ።»

ጓድ አበጋዝ እኩልነት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ትንሽ ተረጋጉ። መነጽራቸውን አድርገው አዩ። ቡልጋሪያ እንደ ወትሮዋ ትተነፍሳለች። አሰላ ከገደሉ ወጥቶ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ እንዲያውም ዘንድሮ ትንሽ ከፍ ብሏል። ከመስመሩ በታች ብቻውን የቀረው ዴራ ነው።

ጣታቸውን ስድሳ ዘጠኝ ላይ አደረጉ፤ ወዲህ አመጡ፤ መልሰው ወሰዱ።

«ገደሉ የት ሄደ?»

«የለም።»

«ማለት... ዝናቡ ከአብዮቱ በኋላ አልቀነሰም?»

«በቀን በኩል አልቀነሰም።»

እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ተነሥተው በሩን ከፈቱ። የኢምፔሪያሊዝም ሴራ የሚለውን በገዛ እጃቸው ሰርዘው፣ ወዲያው ስልክ ያዙ። አዲስ አበባን ለማግኘት እስከ ምሳ ሰዓት ጮኹ፤ ከምሳ በኋላ አገኙ። ዘሩ ወደ ዴራ እንዲሄድ ተፈቀደ። የአሰላ ገበሬዎች ቅር አላላቸውም፤ ያልጠየቁት ዘር ነው፤ እነሱ በዚያ ሰሞን ከኛ የሚፈልጉት የስንዴ ዋግ መድኃኒት ነበር።

አንድ ነገር ቀረ። መለኪያው ከዚያ ቀን ጀምሮ ውጭ እንዲያድር አልጣሽ ለአቶ ወልደአማኑኤል ነገረቻቸው። አሻፈረኝ አሉ።

«ያለ ወረቀት አላሳድረውም። አንቺ ልጅ ነሽ፤ ነገ ትዛወሪያለሽ። እኔ ነኝ እዚህ የምቀረው።»

ጓድ አበጋዝ መሳቢያቸው ውስጥ ለማታ ተረኞች የሚሰጥ፣ ቀድሞ የተፈረመበት የይለፍ ወረቀት ነበራቸው። አንዱን መዝዘው በጥሞና መሙላት ጀመሩ። ስም በሚለው ላይ «የዝናብ መለኪያ» አሉ። ሥራ በሚለው ላይ «ዝናብ መቀበል» ብለው ጻፉ። «በሌሊት የሚንቀሳቀስበት ምክንያት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕራቸውን ነከሱ።

«አይንቀሳቀስም እኮ፤» አልኩ እኔ።

«አይንቀሳቀስም» ብለው ጻፉና ማኅተሙን አሳረፉበት። አቶ ወልደአማኑኤል ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልለው ምሰሶው ላይ በሽቦ አሰሩት። ወይዘሮ አሰፋች እንደነገሩን ያን ጊዜ አልጋው ሥር ያለውን ጆንያ አላነሡትም፤ ምናልባት መመሪያው ቢለወጥ ብለው።

ዘሩ የሄደው በሦስተኛው ቀን ነው። ሊሄድ ሲል የፊት ጎማው እበራችን ላይ ሰመጠ፤ ያው የአቶ ጉቱን ጫማ የዋጠው ጭቃ ነው። ሁላችንም ወጥተን ገፋነው። ጓድ አበጋዝ ሳይቀሩ ካኪያቸውን ሰብስበው ገፉ። አልጣሽ ከጎማው ኋላ ቆማ ስለ ነበር ሲነሣ ከእግር እስከ ራስ ጭቃ ቀባት፤ ሣቀች። ከብዙ ቀን በኋላ ስትሥቅ ያየኋት ያኔ ነው።

ዘሩን ሊረከቡ የተመለሱት አቶ ጉቱ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጠዋል፤ በሁለቱም እግራቸው ላይ የገበያ በረባሶ አድርገዋል። የመለኪያውን የይለፍ ወረቀት ታሪክ ጠዋት ነግሬያቸው ነበር፤ በመስኮቱ ብቅ አሉና ጓድ አበጋዝን ጠሩ።

«ጌታዬ፣ ስለ ዘሩ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«ምን ልታዘዝ?»

«የናንተ መለኪያ ወረቀት አግኝቷል። የኛው መለኪያ ሲሚንቶ ላይ የተተከለ ነው፤ ቀንም ሌሊትም ውጭ ነው፤ ተከልክሎ አያውቅም። ያልመጣው ሮባው ነው። ለእሱ አንድ ይለፍ ይጻፉልን።»

ጓድ አበጋዝ «እሺ» አሉ፤ እጃቸውም ማኅተሙ ያለበት ኪስ ድረስ ሄደ። እዚያ ላይ ነው የነቁት።

አቶ ጉቱ ግን አልሣቁም። ሰማዩን በመስኮቱ ቀና ብለው አይተው፣ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። መኪናው ተነሣ፤ ጭቃውን እየረጨ በቁልቁለቱ ወደ ዴራ፣ ወደ ደረቁ በኩል ወረደ። እኛ ደመናው ሥር ቆመን፣ ዝናብ እየመታን፣ እስኪሰወር ድረስ አየነው።